44ቱ ሚሊቮልት ከየት መጡ? በማመሳከሪያ ኤሌክትሮዶች መካከል ፖቴንሺያልን ስለ መለወጥ

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። በኒኬል ፎም ላይ ያሳደግሁትን ካታሊስት በ1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ኦክስጅን በማመንጨት እፈትነዋለሁ። ማመሳከሪያዬ በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላ ብር/ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው። በስኩዌር ሴንቲሜትር 10 ሚሊአምፔር ላይ 0.512 ቮልት አነበብሁ፤ በዚያ ላይ 0.197ን፣ እንዲሁም 0.059 ሲባዛ በ14ን ደምሬ 1.535 ቮልት አገኘሁ። የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ያንኑ ናሙና በራሱ ሴል ውስጥ በሜርኩሪ/ሜርኩሪ ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ለክቶ 0.655 አነበበ፤ 0.098ን እና 0.826ን ደምሮ 1.579 ደረሰ። የእኔ ኦቨርፖቴንሺያል (ኦክስጅን ለማመንጨት ከሚያስፈልገው 1.23 ቮልት በላይ ያለው ትርፍ) 305፣ የእሱ 349 ሚሊቮልት መሆኑ ነው። የተሳሳተው የማናችን ቀመር ነው? በመመረቂያ ጽሑፌ ላይስ የትኛውን ላስገባ?»

ምላሽ፦

በሁለታችሁም ስሌት ውስጥ ስህተት አለ፤ የ44 ሚሊቮልቱ ልዩነት ግን ከዚያ ስህተት የመጣ አይደለም። ሁለቱን ስሌቶች አርመን ብንሠራቸው ልዩነቱ ወደ 46 ሚሊቮልት ከፍ ይላል እንጂ አይጠብም። ስለዚህ «የማን ቀመር ነው የተሳሳተው?» የሚለው ጥያቄ የሚመራዎት ችግሩ ወደሌለበት ቦታ ነው። ልወጣ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። የተበላሸ ኤሌክትሮድን አይጠግንም፤ በሙሙቱ ውስጥ የጠፋውን ቮልቴጅም አይመልስም።

ፖቴንሺያል ብቻውን አይለካም። መለኪያ መሣሪያው ፖቴንሺዮስታቱ የሚያሳየን ናሙናው ባለበት በሥራ ኤሌክትሮዱና በማመሳከሪያው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል ሲለካ ወደ 3,200 ሜትር፣ ከአራት ኪሎ ሲለካ ደግሞ ወደ 800 ሜትር ከፍታ አለው፤ የተለወጠው የመለኪያው መነሻ ነው፣ ተራራው ከቦታው አልተነሣም። በኤሌክትሮዶችም ሕጉ ያው ነው፦ ከአንድ ማመሳከሪያ ወደ ሌላ ለመሻገር በተነበበው ቁጥር ላይ የመጀመሪያውን ማመሳከሪያ ፖቴንሺያል ደምሮ የሁለተኛውን መቀነስ ነው፤ ሁለቱም ከመደበኛው የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አንጻር የተሰጡ መሆን አለባቸው። የእርስዎ 0.512 ወደ ጠገበ ካሎሜል (ሌላ የተለመደ ማመሳከሪያ) ቢለወጥ 0.512 + 0.210 − 0.241 = 0.481 ቮልት ይሆናል። የተነበበው ቁጥር አሉታዊ ቢሆንም ሕጉ አይቀየርም። ከጠገበ ካሎሜል አንጻር −0.650 የሆነ ነገር ከመደበኛ ሃይድሮጅን አንጻር −0.650 + 0.241 = −0.409 ነው። የመቀነስ ምልክቱን አይተው የሚቀንሱና −0.891 የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ስህተት ግማሽ ቮልት ስለሚደርስ ቶሎ ይታወቃል። አደገኞቹ ትንንሾቹ ናቸው።

ከትንንሾቹ የመጀመሪያው እርስዎ የተጠቀሙበት 0.197 ነው። ይህ ቁጥር የጠገበ ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላ ብር/ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ቁጥር ነው፤ የእርስዎ ደግሞ 3 ሞላር ነው። የዚህ ኤሌክትሮድ ፖቴንሺያል የሚወሰነው በውስጡ ባለው ክሎራይድ ነው፤ ክሎራይዱ ሲሳሳ ፖቴንሺያሉ ወደ ላይ ይወጣል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጠገበው 0.197፣ በ3 ሞላር 0.210 ገደማ (0.207 የሚሉ ሰንጠረዦችም አሉ)፣ በ1 ሞላር 0.235 ገደማ፣ በ0.1 ሞላር 0.288 ቮልት ይሆናል። የክሎራይድ አክቲቪቲ (በሙሙቱ ውስጥ በተግባር የሚሠራው ክምችት) 1 ሲሆን የሚሰጠው መደበኛ ዋጋ ደግሞ 0.222 ነው፤ አንዳንድ ጽሑፎች ይህን ለማንኛውም ኤሌክትሮድ ይጠቀሙበታል፣ ግን በሱቅ ከሚሸጡት ኤሌክትሮዶች ለአንዱም አይሠራም። «ከብር/ብር ክሎራይድ አንጻር» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር፣ የተሞላው ሙሙት ካልተነገረ፣ ከ90 ሚሊቮልት በላይ ሊያሳስት ይችላል። ካሎሜልም እንደዚሁ ነው፤ የጠገበው 0.241፣ ባለ 1 ሞላሩ 0.280 ነው።

ሁለተኛው ፒኤች ነው። 0.059 ሲባዛ በፒኤች የሚደመረው ቁጥሩን ወደ ተገላባጭ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ለማምጣት ነው፤ ይህ በሴሉ ሙሙት ውስጥ ራሱ የሚሠራና መነሻው ከፒኤች ጋር የሚንቀሳቀስ ማመሳከሪያ ነው። 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹ 14 ነው የሚባለው አክቲቪቲውን 1 አድርገን ስንገምት ነው። በዚህ ክምችት የአክቲቪቲ ኮኤፊሸንቱ ወደ 0.75 ስለሆነ በ25 ዲግሪ ትክክለኛው ፒኤች 13.9 ገደማ ነው፤ ስለዚህ የፒኤቹ ድርሻ 0.826 መሆኑ ቀርቶ ወደ 0.821 ቮልት ይወርዳል። በብርጭቆ ኤሌክትሮድ ፒኤች መለኪያ አረጋግጣለሁ ብለው አይድከሙ። በእንዲህ ያለ ጠንካራ ቤዝ ውስጥ የብርጭቆው ኤሌክትሮድ ለአልካሊ አየኖችም ምላሽ ስለሚሰጥ ከእውነተኛው ያነሰ ፒኤች ያነባል።

ሦስተኛው ሁለቱ ሙሙቶች የሚገናኙበት ድንበር ነው። የኤሌክትሮድዎ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ በረቂቅ ቀዳዳ ጫፉ በኩል ከ1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ይነካካል። ፖታሲየምና ክሎራይድ የሚጓዙት በተቀራረበ ፍጥነት ነው፤ ሃይድሮክሳይድ ግን ከሁለቱም እጅግ ይፈጥናል። ስለዚህ በድንበሩ ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ በሄንደርሰን ቀመር ሲሰላ ወደ 8 ሚሊቮልት ይመጣል፣ አቅጣጫውም የእርስዎን ንባብ ከፍ የሚያደርግ ነው። አሁን እናርመው፦ 0.512 + 0.210 + 0.821 − 0.008 = 1.535። እርስዎ የደረሱበት ቁጥር ራሱ ነው። ሦስቱ ስህተቶች እርስ በርስ ተጣፍተዋል፤ 13 ወደ ላይ፣ 5 እና 8 ወደ ታች። ይህ አያጽናናዎት። በሌላ ሙሙት፣ በሌላ ክምችት ሲሠሩ አይጣፉም።

የባልደረባዎ ቁጥር የተቃና የሆነው ግን በአጋጣሚ አይደለም። 0.098 የሜርኩሪ/ሜርኩሪ ኦክሳይድ መደበኛ ፖቴንሺያል ነው፤ የሃይድሮክሳይድ አክቲቪቲ 1 ሲሆን ማለት ነው። ፒኤች 14 ያለውም ያንኑ አክቲቪቲ 1 ገምቶ ነው። ሁለቱ ግምቶች እውነት አይደሉም፤ ነገር ግን ይህ ኤሌክትሮድ ለሃይድሮክሳይድ የሚሰጠው ምላሽና የተገላባጩ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ምላሽ አንድ ዓይነት ስለሆነ አክቲቪቲው ከስሌቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የሜርኩሪ/ሜርኩሪ ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ውስጡ ከሴሉ ጋር አንድ ዓይነት ሙሙት ከተሞላ፣ ከተገላባጭ ሃይድሮጅን አንጻር በ25 ዲግሪ 0.926 ቮልት ነው፤ ፒኤቹ ምንም ይሁን ምን። በ20 ዲግሪ እንኳን ወደ 0.927 ብቻ ይሄዳል። የባልደረባዎ ትክክለኛ ቁጥር እንግዲህ 0.655 + 0.926 = 1.581 ነው። 0.059 ብሎ በማሳጠሩ ነው 2 ሚሊቮልት ያጣው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፦ ኤሌክትሮዱ የተሞላው በ1 ሞላር ይሁን በ0.1 ሞላር ቤዝ ይጠይቁት። በ0.1 ሞላር የተሞላው 0.165 ቮልት ገደማ ስለሆነ 60 ሚሊቮልት የሚያህል ስህተት እዚያ ሊደበቅ ይችላል። በ1 ሞላር የተሞላ ነው ብዬ ልቀጥል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሁለታችሁ ጥሬ ንባቦች ልዩነት 0.655 − 0.512 = 0.143 ቮልት ነው። ሁለቱም ኤሌክትሮዶች ጤነኛ ቢሆኑ፣ ናሙናው፣ የኤሌክትሪክ ፍሰቱና ሴሉም አንድ ቢሆን ልዩነቱ 0.097 አካባቢ መሆን ነበረበት፤ የእርስዎ ኤሌክትሮድ ከተገላባጭ ሃይድሮጅን አንጻር 1.023፣ የእሱ 0.926 ስለሆነ። የተረፈው 46 ሚሊቮልት ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ከማመሳከሪያው ወይም ከሴሉ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ካታሊስት አያስፈልግም። ሁለቱን ማመሳከሪያዎች በአንድ ቢከር 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይንከሩና በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ፤ በፖቴንሺዮስታቱ የክፍት ዑደት (ፍሰት በሌለበት) ንባብ ቢሆን ይመረጣል፣ ጥሩ መልቲሜትርም ይበቃል። 0.10 ቮልት አካባቢ ካሳየና ካልተንቀሳቀሰ ማመሳከሪያዎቹ ደህና ናቸው፤ ምክንያቱን በሴሉ ይፈልጉ። 0.12 ወይም 0.14 ካሳየ የእርስዎ ብር/ብር ክሎራይድ ከቦታው ተንሸራትቷል። ይህን ፈተና ከሁሉ በፊት ያድርጉት፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከዚህ በታች ያለውንም የትኛውን በጥንቃቄ ማንበብ እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

እኔ የምጠረጥረው ማመሳከሪያውን ነው፤ ምክንያቴንም ላስረዳ። ብር/ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ በጠንካራ ቤዝ ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ ክሎራይዱ ወደ ሴሉ ይወጣል፣ ሃይድሮክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ «ብር ክሎራይዱ ወዲያው ወደ ብር ኦክሳይድ ይለወጣል» የሚል ነው፤ ይህ እንደተባለው አይደለም። የሁለቱን መደበኛ ፖቴንሺያሎች 0.222 እና 0.342 አነጻጽረን ብናሰላ፣ ኦክሳይዱ የሚያሸንፈው ሃይድሮክሳይዱ ከክሎራይዱ ከ100 ጊዜ በላይ ሲበልጥ ነው። በሽቦው ዙሪያ 3 ሞላር ክሎራይድ እያለ ይህ አይሆንም። ቀድሞ የሚመጣው የክሎራይዱ መሳሳት ነው፤ ከ3 ሞላር ወደ 1 ሞላር ከወረደ ብቻውን 25 ሚሊቮልት ገደማ ያንሸራትታል። ኦክሳይዱ ቀድሞ የሚፈጠረው ከጫፉ ላይ ነው፦ በጠንካራ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ የሟሟ ጥቂት ብር ወደ ቀዳዳው ሲደርስ ቤዙ ያገኘዋል፣ እዚያም ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይዘቅጣል። የኤሌክትሮድዎ ጫፍ ከጠቆረ ምልክቱ ይህ ነው። ቀዳዳው ይደፈናል፣ ንባቡም ይዋዥቃል። የወጣው ክሎራይድና ብር ደግሞ ካታሊስትዎ ላይ ማረፋቸው አይቀርም፤ ያኔ የሚለኩት የሠሩትን ካታሊስት ብቻ አይሆንም።

የመንሸራተቱን አቅጣጫ ልብ ይበሉ። ክሎራይድ ያጣ ኤሌክትሮድ ፖቴንሺያሉ ከፍ ይላል። ማመሳከሪያው ከፍ ሲል ንባብዎ ዝቅ ይላል፤ እርስዎ አሁንም 0.210 ሲደምሩ ኦቨርፖቴንሺያልዎ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ማለትም ኤሌክትሮዱ በተበላሸ ቁጥር ካታሊስቱ የተሻለ ይመስላል። ይህን በአጽንዖት የምናገረው፣ ውጤት ሲያምር ማንም መሣሪያውን ስለማይጠረጥር ነው። ከሁለት ተቃራኒ ቁጥሮች ዝቅተኛው የመጣው ቤዝ ውስጥ ከቆየ ብር/ብር ክሎራይድ ከሆነ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ዝቅተኛው ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሙሙቱ ተቃውሞ ነው። በጥያቄዎ አልጠቀሱትም፤ ከሁለታችሁ አንዱ አርሞት ሌላው ካላረመው ልዩነቱ ከዚያም ሊሆን ይችላል። በሥራ ኤሌክትሮዱና በማመሳከሪያው ጫፍ መካከል 2 ኦም ተቃውሞ ካለ በ10 ሚሊአምፔር 20 ሚሊቮልት ይጠፋል፤ 5 ኦም ከሆነ 50። የማመሳከሪያውን ጫፍ ግማሽ ሴንቲሜትር ማራቅ ብቻ ይህን ይቀይረዋል። ተቃውሞውን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኢምፒዳንስ ይለኩ፣ ከልኬት በኋላም ፍሰት ሲባዛ በተቃውሞ የሚሆነውን ይቀንሱ። በፖቴንሺዮስታቱ 100 በመቶ በቀጥታ አስተካክላለሁ ማለት ግን መሣሪያው እንዲወዛወዝ ያደርጋል፣ ናሙናዎን ሊያጠፋብዎትም ይችላል።

ከሰንጠረዥ ቁጥር የሚበልጠው የራስን ኤሌክትሮድ በራስ ሙሙት ውስጥ ከሃይድሮጅን ጋር ማመሳከር ነው። ንጹሕ የፕላቲነም ሽቦ በዚያው 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያስገቡ፣ ሃይድሮጅን ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ያስነፍሱበት፣ ከዚያ የፕላቲነሙን ክፍት ዑደት ፖቴንሺያል ከማመሳከሪያዎ አንጻር ያንብቡ። የንባቡ ተቃራኒ ምልክት ያለው ቁጥር የእርስዎ የልወጣ ቁጥር ነው፤ ፒኤቹን፣ የድንበሩን ቮልቴጅ፣ የሙቀቱንና የኤሌክትሮዱን እርጅና ሁሉ በአንድነት ይዞ ይመጣል። የሃይድሮጅን ሲሊንደር ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። ፕላቲነም ሽቦ ጫፉ ላይ በታሸገ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሙሙቱን ይሙሉና ቱቦውን አፉን ወደ ታች አድርገው ይንከሩት፤ ሽቦውን ካቶድ አድርገው ጥቂት ፍሰት ይስጡት። የሚወጣው ሃይድሮጅን ከላይ ተጠራቅሞ የሽቦው ግማሽ በጋዝ ግማሹ በሙሙት ሲሆን ፍሰቱን ያቋርጡ። በእጅ የተሠራ ተገላባጭ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አገኙ ማለት ነው፤ ለአንድ ቀን ሥራ ያገለግላል። በየትኛውም መንገድ ሃይድሮጅን ሲጠቀሙ የጭስ መሳቢያው ይሠራ፣ በአካባቢው የሚነድ እሳት ወይም የሚፈነጥር ማብሪያ አይኑር።

እዚህ ላይ በባሕር ጠለል ከፍታ የተጻፉ መመሪያዎች የማይነግሩን ነገር አለ። አዲስ አበባ በመሐሉ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየር ግፊታችን ወደ 76 ኪሎፓስካል ነው፣ ከመደበኛው ሦስት አራተኛ ማለት ነው። የተገላባጭ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ትርጓሜ ግን የ100 ኪሎፓስካል ሃይድሮጅን ይጠይቃል። በ20 ዲግሪ የውኃ ትነት የሚይዘው 2 ኪሎፓስካል ገደማ ሲቀነስ በአረፋው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን 74 ኪሎፓስካል አካባቢ ብቻ ነው። በነርንስት ቀመር ይህ የእኛን የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ከትክክለኛው በ4 ሚሊቮልት ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በእኛ ከተማ የተሠራ ማመሳከር ላይ 4 ሚሊቮልት መጨመር አለበት። ጤነኛ የሜርኩሪ/ሜርኩሪ ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ካለዎት ፕላቲነሙ −0.923 አካባቢ ያነባል እንጂ −0.927 አይደለም፤ ይህን ሲያዩ ኤሌክትሮዱ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። የእርስዎ ብር/ብር ክሎራይድ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ፕላቲነሙ −1.02 አካባቢ ያነባል። ኦክስጅን ሪዳክሽን (ኦክስጅን ኤሌክትሮን የሚቀበልበትን ሪአክሽን) የሚያጠኑ ባልደረቦች ካሉ ግፊቱ ለእነርሱ የበለጠ ከባድ ጉዳይ ነው። በኦክስጅን በጠገበ ሙሙት ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ የገደብ ፍሰታቸው ከውጭ ጽሑፎች ጋር ያለ እርማት አይነጻጸርም።

ሙቀትም እንዲሁ። በክረምት ጠዋት ላቦራቶሪያችን 18 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በአንድ ፒኤች 59.16 ሚሊቮልት መሆኑ ቀርቶ 57.8 ይሆናል፣ የውኃው መለያየትም ይቀንስና ያው 1 ሞላር ቤዝ ፒኤቹ ከፍ ይላል። ብር/ብር ክሎራይድ ራሱ በዲግሪ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊቮልት ይንቀሳቀሳል። የሙቀቱን ንባብ በማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

ከተገላባጭ ሃይድሮጅን አንጻር መጻፍ ሁልጊዜ ትክክል ነው የሚል ልማድ እየተስፋፋ ስለሆነ ስለ እሱም ልናገር። ይህ ሚዛን መነሻው ራሱ ከፒኤች ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ የሚጠቅመው ፕሮቶንና ኤሌክትሮን በእኩል ቁጥር ለሚገቡባቸው ሪአክሽኖች ነው፤ ውኃን ለመከፋፈል፣ ለኦክስጅን ሪዳክሽን። በቡና ውስጥ ካፌይንን ወይም በመድኃኒት ውስጥ አንድን ንጥረ ነገር በሴንሰር ለሚለካ ሰው ግን የተጠቀመበትን ብር/ብር ክሎራይድ ከነሙሌቱ መጥቀስ ይሻለዋል። ፕሮቶን የማይገባበትን ፒክ ወደ ተገላባጭ ሃይድሮጅን ቢለውጠው በእውነት የሌለ የፒኤች ጥገኝነት ፈጥሮ ያስቀምጣል።

ውኃ በሌለባቸው ሙሙቶች ደግሞ የእነዚህን ቁጥሮች ልወጣ ጨርሶ አይሞክሩት። በአሴቶናይትራይል ውስጥ የተነከረ የውኃ ብር/ብር ክሎራይድ ድንበር ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ በአሥሮች ሚሊቮልት የሚቆጠር ነው፣ በቀመርም በአስተማማኝ አይሰላም። ለዚህ የተበጀው ፌሮሲን የተባለው ብረት ያዘለ ውሁድ ነው። በ1984 ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ውስጣዊ ማመሳከሪያ እንዲሆኑ ከመከራቸው አንዱ ይህ ነው፤ በልኬቱ መጨረሻ ጥቂት ፌሮሲን ጨምሮ ሁሉንም ከእሱ አንጻር መጻፍ ነው። ከጠገበ ካሎሜል አንጻር ፌሮሲን በአሴቶናይትራይል 0.40፣ በዳይክሎሮሜቴን 0.46፣ በቴትራሃይድሮፉራን 0.56 ቮልት አካባቢ ነው፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መዋስ ለምን እንደማይቻል ከዚህ ይታያል። ፖሊመር ለፀሐይ ሴል የሚሠሩ ተማሪዎች የኃይል ደረጃ ሲያሰሉ ፌሮሲንን አንዱ በ4.8 ሌላው በ5.1 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚይዘው ሁለት ጽሑፎች ሲነጻጸሩ የትኛው እንደተወሰደ መታየት አለበት።

ወደ እርስዎ ሥራ ስመለስ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ብር/ብር ክሎራይዱን ከ1 ሞላር ቤዝ ያውጡት። በአሲድና በገለልተኛ ሙሙቶች ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እዚህ ግን ቦታው አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ የሚገቡትን ልኬቶች ሁሉ፣ ከሴሉ ጋር አንድ ዓይነት 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በተሞላ ሜርኩሪ/ሜርኩሪ ኦክሳይድ ይድገሙ፤ በየልኬቱ ቀን ከሃይድሮጅን ጋር ያመሳክሩት፣ የግፊቱን 4 ሚሊቮልት ይጨምሩ፣ ተቃውሞውን ያርሙ። ኤሌክትሮዱ ሜርኩሪ ስላለበት ቢሰበር በእጅ አይነካም፣ ወደ መታጠቢያ ቧንቧም አይደፋም፤ በክዳን ዕቃ ተሰብስቦ ለላቦራቶሪ ኃላፊው ይሰጣል። የ305ቱን ቁጥር አሁን አያስገቡት። የ349ኙንም እንዲሁ፤ ቀመሩ ቢቃናም ተቃውሞው መታረሙ አልታወቀም። ሁለቱን አማካይ አድርጎ 327 መጻፍ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ያልተለካ ቁጥር ስለሚሆን።

አሮጌውን ብር/ብር ክሎራይድ ግን አይጣሉት። የቆየውን ፖታሲየም ክሎራይድ አውጥተው በአዲስ 3 ሞላር ይሙሉት፣ ፈጽሞ ሴል ውስጥ ገብቶ ከማያውቅና ለማወዳደሪያ ብቻ ከሚቀመጥ ሌላ ኤሌክትሮድ ጋር በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ያነጻጽሩት። ልዩነቱ ከ5 ሚሊቮልት በታች ከሆነ አገግሟል። ካልሆነ የብር ሽቦውን በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ በውኃ አጥበው፣ በበረኪና ውስጥ ግራጫ እስኪለብስ ነክረው እንደገና ክሎራይድ ሊያለብሱት ይችላሉ። ሽቦው ራሱ መቀየር ካለበት ከወርቅ ቤት የሚገኘው ብር ብዙ ጊዜ መዳብ ስለሚቀላቀልበት አይሆንም፤ ንጽሕናው የተገለጸ ሽቦ ያስፈልጋል። የጠቆረው ጫፍ በማጠብ ካልነጣ ጫፉ ይቀየር።

በጽሑፉ የዘዴ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥሬውን ንባብ፣ ማመሳከሪያው ምን እንደሆነና በምን እንደተሞላ፣ ያመሳከሩበትን ቀንና ያገኙትን ቁጥር፣ ሙቀቱን፣ የአየር ግፊቱን፣ የተለካውን ተቃውሞና ከእሱ ስንት በመቶው እንደታረመ ይጻፉ። የተለወጠው ቁጥር ከጥሬው ጎን ይቀመጥ እንጂ አይተካው፤ ነገ የተሻለ የልወጣ ቁጥር የያዘ ሰው የእርስዎን ልኬት መልሶ ሊያሰላው የሚችለው ጥሬው ካለ ብቻ ነው።